ስንት ሜትር ልግዛ? የመጋረጃ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጤና ይስጥልኝ፣ ጎንደሬዎችም ከሌላ አገር የምታነቡኝም። ጥምቀት ሲቃረብ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ የመጋረጃ ይሆናል። እንግዳ ይመጣል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ መጋረጃ ይቀየራል። ስለ ሶፋ ልብስ የጻፋችሁልኝ ለሚቀጥለው እትም ታገሡኝ። የዛሬውን ዓምድ ለመጋረጃ ሰጥቼዋለሁ።

ሥራዬ መጋረጃ ስፌት ነው፤ ስፌት ቤቴም አራዳ ነው። ጨርቁን ገዝተው ከመጡ ሰዎች ጋር በየቀኑ የምነጋገረው ስለ አንድ ነገር ነው። ጨርቁ ቆንጆ ነው፣ ቀለሙ ቆንጆ ነው፣ ሜትሩ ግን አይበቃም። ብዙ ሰው ውድ ጨርቅ ይመርጥና ብሩ እንዲበቃው ሜትሩን ይቀንሳል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። ብር ካጠረ ጨርቁ ረከስ ይበል እንጂ ሜትሩ አይቀነስ። ውድ ጨርቅ ተወጥሮ ሲሰቀል የተሰጣ አንሶላ ነው የሚመስለው። ተራ ጨርቅ በደንብ ተሸንሽኖ ሲሰቀል ግን ቤቱን ቤት ያደርገዋል።

ከመጀመራችን በፊት በአንድ ነገር እንግባባ። "ሁለት እጥፍ" ስል፣ ተሰፍቶ ያለቀው ጨርቅ ተዘርግቶ ሲለካ የመጋረጃውን ብረት ርዝመት ሁለት ጊዜ ያህላል ማለቴ ነው። ብረቱ 2 ሜትር ከሆነ ጨርቁ 4 ሜትር። ስንት እጥፍ እንደሚያስፈልግ የሚወስኑት የአናቱ አሰፋፍና የጨርቁ ክብደት ናቸው። ባለሱቁ አይደለም፣ ጎረቤትም አይደለችም።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበትሽ እታለም። የኮንዶሚኒየም ቤት ደርሶን ልንገባ ነው፤ ሠርጌም ከዐቢይ ጾም በፊት ነው። የሳሎኑ መስኮት ስፋቱ 1 ሜትር ከ80 ነው። ቀለበት ያለው መጋረጃ ነው የፈለግኩት። ባለሱቁ "ሁለት ሜትር ተኩል ይበቃሻል" አለኝ። አማቴ ደግሞ "አምስት ሜትር ግዢ" ይላሉ። ማንን ልስማ?
ሙሽሪት፣ ከማራኪ

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ የኔ እመቤት። አማትሽን ስሚ፤ ለልኩ በጣም የቀረቡት እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ መስኮቱን እርሺው። የሚለካው ብረቱ ነው። ብረቱ ደግሞ ከመስኮቱ በግራም በቀኝም 20 ሳንቲ ያህል ማለፍ አለበት። ምክንያቱም መጋረጃው ተከፍቶ ሲሰበሰብ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካጣ መስታወቱ ላይ ይቆምና ብርሃንሽን ይወስድብሻል። ስለዚህ የአንቺ ብረት 2 ሜትር ከ20 ነው።

የቀለበት መጋረጃ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ አይጠቅመውም። ቀለበቱ ጨርቁን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ እያጠፈ ትልልቅ ክብ ማዕበል ይሠራል። ጨርቅ ሲበዛበት ቀለበቶቹ ይጨናነቁና ማዕበሉ ይሰበራል፣ ሲከፈትም ክምር ይሆናል። ከአንድ ተኩል ካነሰ ደግሞ መጋረጃው ሲዘጋ ሽንሽኑ ይጠፋል። የባለሱቁ ሁለት ሜትር ተኩል ጠርዙ ሲታጠፍ ከብረቱ ብዙም አይተርፍም። ማታ ስትዘጊው ዝርግ ነው የሚሆነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 2.20 ሲባዛ በ2 4 ሜትር ከ40 ይሆናል። መጋረጃው በሁለት ወገን ስለሚከፈል አራት የጎን ጠርዝ አለው። ለእያንዳንዱ ጠርዝ 5 ሳንቲ ስንሰጥ 20 ሳንቲ ይጨመራል። 4 ሜትር ከ60 ግዢ። ጨርቁ ብላክ አውት፣ ማለትም ብርሃን የማያሳልፈው ዓይነት ከሆነ፣ ጀርባው ስለተለበጠና ደረቅ ስለሚል፣ አንድ ከሦስት ሩብ እጥፍ ያምርበታል፤ 4 ሜትር ከ5 ሳንቲ ይበቃሻል። ብሩ ጭራሽ ካልደረሰ 3 ሜትር ከ50 የመጨረሻው ልክ ነው። ከዚያ በታች ከምትወርጂ ጨርቁን ቀይሪው።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው የጣቃው ስፋት 2 ሜትር ከ80 ለሆነ ጨርቅ ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታዪው የመጋረጃ ጨርቅ ብዙው እንዲህ ነው። በጎኑ ስለሚሰቀል የጣቃው ስፋት የመጋረጃሽ ቁመት ይሆናል፤ የምትገዢው ሜትር ደግሞ ስፋቱ። ከላይ ለቀለበቱ 10 ሳንቲ፣ ከታች ለቅምቅማት 10 ሳንቲ ሲታጠፍ 2 ሜትር ከ60 ይቀርልሻል። ብረቱን ከመስቀላችሁ በፊት ይህን ልክ ያዢ። ብረቱን መጀመሪያ ሰቅሎ ጨርቅ ፍለጋ መውጣት ብዙ ሰው ያስቸገረ ነገር ነው።

ለሰፊሽ አንድ ነገር አደራ በይልኝ። የቀለበቱ ቁጥር በእያንዳንዱ ወገን ሙሉ ይሁን፤ 12፣ 14፣ 16። ጎዶሎ ከሆነ የመጋረጃው አንዱ ጠርዝ ወደ ግድግዳው ሲመለስ ሌላው ወደ ሰው አፍጥጦ ይቀራል። ለአንቺ በየወገኑ 14 ቀለበት በ16 ሳንቲ ገደማ ርቀት ልክ ይመጣል። ብረቱም ከቀለበቱ ቀዳዳ በደንብ ይቅጠን። ባለ 4 ሳንቲ ቀለበት 3 ሳንቲ ብረት ላይ ያለ ትግል ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የምንኖረው ፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ጊዜ በተሠራ ቤት ነው። ኮርኒሱ ሩቅ ነው። ከመጋረጃው ብረት እስከ ወለሉ 3 ሜትር ከ20 አለው፤ ብረቱ 1 ሜትር ከ60 ነው። የወደድነው ጨርቅ ሁሉ 2 ሜትር ከ80 እየሆነ ተቸገርን። ባለቤቴ ክር ያለው ቴፕ ተሰፍቶ ጥቅጥቅ ያለ ሽንሽን ነው የምትወደው። ምን ይሻላል?
ጡረተኛ መምህር፣ ከፒያሳ

መልስ፦ መምህር፣ እግዜር ያክብርልኝ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን ይዞ በቆየበት ጊዜ የተሠሩት ቤቶች መስኮታቸው ቀጥ ብሎ ረዥም ነው። ረዥም መጋረጃ የሚያምረው እንዲህ ዓይነት ቤት ላይ ነው። እባክዎ ብረቱን ዝቅ አድርገው ለጨርቁ እንዳያስተካክሉት። ቁመቱ የቤቱ ውበት ነው።

እመቤት የመረጡት የቴፕ ሽንሽን ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ይፈልጋል። ክሩ ሲሳብ ጨርቁን በጠባብ በጠባቡ ስለሚሰበስበው ትርፍ ጨርቅ ካልተሰጠው አናቱ ላይ ሳሳ ብሎ ይታያል። ለእርስዎ ብረት ሁለት ተኩል ማለት 4 ሜትር ነው።

ይህን በሁለት መንገድ ማግኘት ይቻላል። እኔ የምመርጠው ስፋቱ 1 ሜትር ከ40 የሆነ ጨርቅ ፈልጎ በቁመቱ መቁረጥ ነው። ሦስት ቁራጭ ጎን ለጎን ሲጋጠም 4 ሜትር ከ20 ይሆናል። የጎን ጠርዝና መጋጠሚያው ሲነሣለት ልክ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ይመጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ 3 ሜትር ከ50 ይቆረጥ፤ 30 ሳንቲው ለላይና ለታች ነው። በጠቅላላው 10 ሜትር ከ50 ይገዛሉ። ሦስተኛው ቁራጭ ለሁለት ይሰነጠቅና ግማሹ በግራ ግማሹ በቀኝ ይገባል። ግማሾቹ ወደ ውጭ፣ ወደ ግድግዳው በኩል ይሁኑ። ሙሉዎቹ መሐል ላይ ሲገናኙ መጋጠሚያው ለዓይን አይጋለጥም።

ጨርቁ አበባ ወይም ሌላ የሚደጋገም ጌጥ ካለው ግን 10 ሜትር ከ50 አይበቃም። ጌጡ በየስንት ሳንቲው እንደሚደገም ሱቁ ውስጥ ይለኩት። በየ60 ሳንቲው ከሆነ ለአንድ ቁራጭ ስድስት ድግግሞሽ ማለትም 3 ሜትር ከ60 መቁረጥ ግድ ይላል፤ አለበለዚያ የአንዱ ቁራጭ አበባ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። ያን ጊዜ 10 ሜትር ከ80 ይገዛሉ።

ሁለተኛው መንገድ የወደዳችሁትን ባለ 2.80 ጨርቅ በጎኑ ሰቅሎ ከታች በሌላ ቀለም ማስረዘም ነው። 4 ሜትር ከ20 ይግዙ። ከታች 70 ሳንቲ ያህል ጠቆር ባለና ከበድ ባለ ጨርቅ ይቀጠል። ክብደቱ መጋረጃውን ቁልቁል ይስበዋል፣ የወለል አቧራም ቶሎ አይታይበትም። ቅጥያው ግን ከላይኛው ጨርቅ ጋር እኩል ስፋት ይኑረው። አንዳንድ ሰፊ ጨርቅ ለመቆጠብ የታችኛውን ስፋት ያሳንስና መጋረጃው እግሩ ላይ ይታሰራል።

ጥያቄ፦ ለሳሎን 5 ሜትር ወፍራም፣ 5 ሜትር ደግሞ ስስ ነጭ መጋረጃ ገዛሁ። ብረቴ 2 ሜትር ከ80 ነው። ወፍራሙ ጥሩ ነው። ስሱ ግን ምንም ግርማ የለውም፤ ከመንገድ ሰው ሲያልፍ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ የሚታይ ይመስለኛል። ጨርቁ ይሆን ወይስ ስፌቱ?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ጨርቁም ስፌቱም ምንም አልሆኑም እህቴ። ያነሰው ሜትሩ ነው። ይህ ነገር ብዙ ቤት ስለማየው ትንሽ ልበልበት።

ስስ ጨርቅ የራሱ አካል የለውም። ወፍራም ጨርቅ አንዴ ሲታጠፍ እጥፋቱን ይዞ ይቆማል። ስሱ የሚቆመው በብዛቱ ነው፤ አንዱ እጥፋት በሌላው ላይ ሲደረብ ነው ነጭነቱ የሚታየው። ስለዚህ ለወፍራም አንድ ከሦስት ሩብ ወይም ሁለት እጥፍ ሲበቃ፣ ለስስ ሁለት ተኩል ነው፣ ሦስትም ቢሆን አይበዛበትም። አንቺ የሰቀልሽው አንድ ከሦስት ሩብ አካባቢ ነው።

ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ይህን ማየት ትችያለሽ። ከጣቃው ላይ አንድ ሜትር አስዘርጊ። በሁለት እጅሽ እየሰበሰብሽ ግማሽ ሜትር ላይ አምጪውና ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርገሽ ያዢው። ይህ ሁለት እጥፍ ነው። አሁን ደግሞ እስከ 33 ሳንቲ ሰብስቢው፤ ሦስት እጥፍ ሆነ። በስስ ጨርቅ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወዲያው ይታይሻል። በመጀመሪያው የባለሱቁን ፊት በጨርቁ አሻግረሽ ታያለሽ፣ በሁለተኛው ጥላውን ብቻ። በወፍራም ጨርቅ ብትሞክሪው ሦስት እጥፉ እጅሽ ውስጥ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። የትኛው ጨርቅ ምን ያህል እንደሚፈልግ እጅ ይነግርሻል።

የገዛሽው ግን አይጣልም። ምኝታ ቤትሽ ብረቱ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ከሆነ ያ 5 ሜትር እዚያ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይሆንለታል። ወደዚያ አዛውሪው። ለሳሎኑ 7 ሜትር ከ20 አዲስ ግዢ። ተመሳሳዩን ነጭ ፈልጎ መቀጠልን አልመክርሽም። ነጭ ሁሉ ነጭ አይደለም፤ ከሌላ ጣቃ የመጣው አጠገቡ ሲሰፋ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል።

ስለ መታየቱ፣ ቀን ቀን በደንብ የተሸነሸነ ስስ መጋረጃ ይሸፍንሻል። ማታ መብራት ስታበሪ ግን ስንት እጥፍ ቢሆን ከውጭ ይታያል። ማታ ወፍራሙን ዝጊ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ኮርኒስ ላይ የሚገጠም ሐዲድ ላከልኝ። መጋረጃው እንደ ኤስ እየተጠማዘዘ የሚወርድበት ዓይነት ነው። ለዚህ ስንት እጥፍ ልግዛ?
ከቀበሌ 18

መልስ፦ በዚህኛው ላይ ምርጫው የአንቺ አይደለም። ተንሸራታቾቹ በክር ተያይዘዋል አይደል? ያ ክር በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይወስናል፣ ርቀቱ ደግሞ ማዕበሉን። አብዛኛውን ጊዜ ከ1.8 እስከ 2 እጥፍ ይመጣል። ከሐዲዱ ጋር የተላከ ልዩ ቴፕ ካለ እሱን አምጪው። ተንሸራታቾቹን ቁጠሪ፣ ቴፑ ላይ ማንጠልጠያዎቹ በስንት ሳንቲ እንደሚራራቁ ለኪና አባዢው፤ የጨርቁ ስፋት ያ ነው። ይህን ልክ ለማስበለጥም ለማሳነስም አትሞክሪ። ተራ ቴፕ ሰፍተው እዚህ ሐዲድ ላይ ቢሰቅሉልሽ የኤሱ ቅርጽ አይመጣም።

ጥያቄ፦ ከፋሲል ግቢ ብዙም በማይርቅ ቦታ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ክፍሎቹን በአገር ልብስ፣ ጥለት ባለው ሸማ መጋረጅ እፈልጋለሁ። ሰፊው "እንደ ሌላው መጋረጃ ሁለት ተኩል እጥፍ ይሁን" ይለኛል። ሸማኔው ደግሞ ጥለቱ ይጠፋል ይላል። ብረቶቼ 1 ሜትር ከ50 ናቸው።
የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት

መልስ፦ እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ ሸማኔዎቻችን ከነጠላና ከቀሚስ ውጭ ሥራ ያገኛሉ። በዚህ ነገር እኔ ከሸማኔው ጋር ነኝ።

የሚታይ ነገር ያለበት ጨርቅ ብዙ አይሸነሸንም። ሽንሽን ውስጥ የገባ ጥለት ተቆራርጦ ነው የሚታየው። ለዚህ ከእኛው ከተማ የተሻለ ማስረጃ የለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሥራ የሆኑ፣ የሰው ምስል የተሸመነባቸው ትልልቅ የሐር የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች ነበሩ። አንዱ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው ካናዳ ቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛሉ። ቁራጮቹ ጎን ለጎን ተጋጥመው ዝርግ ሆነው ነው የሚንጠለጠሉት፤ ምስሉ መነበብ አለበትና። እዚህ ጎንደር ቢሆኑ ኖሮ ሄደው በዓይንዎ ባዩት ነበር። ይህ ሁሌም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለእርስዎ አንድ ተኩል እጥፍ በቂ ነው። አናቱ በቴፕ አይሰብሰብ። ከራሱ ከሸማው ማንጠልጠያ ተሰፍቶለት ብረቱ በውስጡ ይለፍ። ማንጠልጠያ ያለው መጋረጃ ከአንድ ሩብ እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ነው የሚፈልገው፤ ሰፋ ያለ ለስላሳ እጥፋት ይወርድበትና ጥለቱ ከታች ሳይቆራረጥ ይሄዳል።

ሸማ ጠባብ ነው። ቁራጩ 80 ሳንቲ ከሆነ ሦስቱ 2 ሜትር ከ40 ይመጣሉ፤ መጋጠሚያው ሲነሣ ለእርስዎ ብረት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ጋቢ በሚጋጠምበት ስፌት ዳርና ዳሩን በእጅ ያጋጥሙት እንጂ በመኪና አጥፈው አይስፉት። በመኪና የታጠፈው ብርሃን ሲያርፍበት ወፍራም መስመር ሆኖ ይታያል።

ከሁሉ በፊት ግን ይታጠብ። ሳይቆረጥ፣ ሳይለካ፣ መጀመሪያ ውኃ ይንካው። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ከአንድ ሜትር ላይ 5 ሳንቲ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሸበሸባል። ሳይታጠብ የተሰፋ የጥጥ መጋረጃ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ከወለሉ በስንዝር ይነሣል።

ሌላው ፀሐይ ነው። ከተማችን ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ጥጥን ታሳሳለች፣ የጥለቱንም ቀለም ታደበዝዛለች። በመስኮቱ በኩል ቀለል ያለ ነጭ ገበር ይግባበት። ገበሩ ከሸማው ጋር አንድ ላይ አይሰፋ፤ ለብቻው ይንጠልጠል። የሁለቱ አሸባሸብ ስለሚለያይ አንድ ላይ ከተሰፉ በአጠባ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ከወለል ስለሚጀምር ታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 2 ሳንቲ ከፍ ይበል።

ጥያቄ፦ ለአዳራሽ ቀይ የከፋይ መጋረጃ ላሰፋ ነው። ሰፊው ግርማ እንዲኖረው ሦስት እጥፍ ግዛ ብሎኛል። ትክክል ነው?
ከአራዳ

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ከፋይ ራሱ ግርማ ነው። በቴፕ ከሆነ ሁለት እጥፍ፣ በቀለበት ከሆነ አንድ ተኩል ይበቃዋል። ሦስት እጥፍ ከፋይ ብረቱን ያጎብጠዋል፣ ተከፍቶም ቦታ አይበቃውም። በሦስት በሦስት ተቆንጥጦ የሚሰፋውን ሽንሽን ከወደድክ ግን ሁለት ተኩል እጥፍ ይወስዳል፤ ለዚህ ከፋዩ ሳሳ ያለ ይሁን።

የሜትሩን ያህል አስፈላጊ የሆነ ሌላ ነገር ልንገርህ። ከፋይ ፀጉር አለው። በእጅህ ወደ ታች ስትዳስሰው ይለሰልሳል፣ ወደ ላይ ስትዳስሰው ይሻክራል። ቁራጮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተቆርጠው መሰፋት አለባቸው። ሰፊው ጨርቅ ለመቆጠብ አንዱን ገልብጦ ከቆረጠው ያ ቁራጭ መብራት ሲያርፍበት ሌላ ቀይ ይሆናል። ከተሰፋ በኋላ መድኃኒት የለውም። ስትረከብ መብራት አስበርተህ ራቅ ብለህ ቆመህ እየው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። አልጋዬን ከእንግዳ መቀበያው በመጋረጃ መለየት እፈልጋለሁ። ክፍሉ 3 ሜትር ስፋት አለው፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። ሽቦ ወጥሬ ሞከርኩ፤ ጨርቁን ስሰቅል መሐሉ ረገበ።
ወጣት ሠራተኛ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ ለእንዲህ ዓይነቱ መጋረጃ አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃሃል። ቤት ለመክፈል እንጂ መስኮት ለማስጌጥ አይደለም፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ሽንሽን ቦታ ይወስድብሃል። 4 ሜትር ተኩል ከጠርዙ ጋር 4 ሜትር ከ70 ግዛ። የማያሳይ፣ መካከለኛ ክብደት ያለው፣ በሁለቱም ፊቱ የሚያምር ጨርቅ ምረጥ። አንዱን ፊት አንተ ከአልጋህ ታየዋለህ፣ ሌላውን እንግዳህ ከወንበሩ።

ሽቦውን ተወው። 3 ሜትር ላይ ሽቦ የቱንም ያህል ቢወጠር ይረግባል፤ አጥብቀህ በወጠርከው መጠን ደግሞ ምስማሩን ከጭቃው ይነቅለዋል። ቀጭን የብረት ቧንቧ ግዛና መሐሉ ላይ ከኮርኒሱ እንጨት በወረደ መያዣ ደግፈው። ቀለበቱ ያን መያዣ ስለማያልፍ መጋረጃህ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ከመሐል ወደ ግራና ቀኝ ይከፈት።

ፊሸር፣ ማለትም ብሎን የሚገባበት ፕላስቲክ፣ ጭቃ ግድግዳ ላይ አይይዝም። ጭቃው ፍርፍር ይላል። ግድግዳውን በጣትህ እያንኳኳህ ቋሚውን እንጨት ፈልግ፤ ድምፁ ደረቅ የሚልበት ቦታ ነው። ብሎኑ እዚያ እንጨት ውስጥ ይግባ። እንጨቱ የምትፈልገው ቦታ ላይ ካልተገኘ አንድ ጣውላ በሁለት ቋሚዎች ላይ አግድም ምታና ቧንቧውን ጣውላው ላይ ስቀል። አከራይህን ግን መጀመሪያ አስፈቅድ።

መጨረሻ ላይ አንድ አደራ አለኝ። በአንድ ክፍል ቤት ቡናም ወጥም እዚያው ነው። ፖሊስተር ጨርቅ እሳት ሲነካው እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ ቆዳ ላይ ከወደቀ ይጣበቃል። ከሰሉና የጋዝ ምድጃው ከመጋረጃው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ፤ በር ስትከፍት ነፋስ ጨርቁን ወዴት እንደሚገፋው ቆመህ እይና ምድጃውን ከዚያ ወዲያ አድርገው።